ጉበቴና የታችኛው አልጋ

ጉበቴ ላይ የታየችው ነጥብ የአውራ ጣቴን ጥፍር ብታክል ነው። ምንነቷ ሳይታወቅ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያሉት የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ግን ቀብረውኝ አልጋዬን ይሻሙ ጀመር። ዘመኑ የኮሮና ነው። ስምንት ሆነን በምንተኛበት ክፍል፣ መስኮት ሥር ያለው የታችኛው አልጋ የእኔ ነው። ከላዬ የሚተኛው ልብስ ሰፊ፦

«አባባ፣ ካንሰር ከሆነ ባገኙት አውሮፕላን አገርዎ ይግቡ። አልጋውን እኔ እጠብቅልዎታለሁ» አለኝ።

«አንተ አልጋዬን ጠብቅ፤ እኔ ለቀብርህ እደርሳለሁ» አልኩት።

አፌ ነው እንጂ ሆዴስ ፈርቶ ነበር። ነጥቧ ክፉ ከሆነች የመጋዘን ጥበቃዬን ትቼ ወሎ ልገባ ለእህቴ ልጅ ቃል ሰጥቻለሁ። መሞቱን እችለዋለሁ፤ ከንፈር መጣጮች ሲደረደሩልኝ ተኝቶ ማየቱን ነው የማልችለው።

ደሜ ውስጥ የኖረ የጉበት ቫይረስ ጉበቴን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል፤ ሲሮሲስ ይሉታል። አረቄ ሳልቀምስ የሰካራም ጉበት! ሰካራሙስ ቢያንስ የሚያስታውሰው ጭፈራ አለው።

ኩላሊቴም ስለደከመ፣ ኩላሊት የሚጎዳው የሲቲ ስካን ቀለም ይቅር ተባለ። ዱባይ ያለችው ሐኪም በደም ሥሬ ጥቃቅን የጋዝ አረፋ ሰጥታ በአልትራሳውንድ ልታየኝ ወሰነች። ክፉ ነጥብ አረፋውን ከቀረው ጉበት ቀድማ ትጠጣና ስክሪኑ ላይ ትነጣለች፤ ቆይታ ስትለቀው ትጠቁራለች። የጠባሳ እብጠት ግን ከጎረቤቶቿ ጋር ጠጥታ ከጎረቤቶቿ ጋር ትቆያለች። ይህን ያስረዳችኝ አጅማን ማዳም ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ናት። ሠላሳ ዓመት ኖሬ የእኔ አረብኛ ከያላና ከኸላስ አላለፈም። አስታማሚ መግባት ስለተከለከለ እሷ ከበር ውጭ ሆና በስልክ ትተረጉምልኛለች።

አረፋው ገባ። ሐኪሟ ተናገረች፤ ደረቴ ላይ ያለው ስልክ ተከተለ።

«አጎቴ፣ አይንቀሳቀሱ። ቀስ ብለው ብቻ ይተንፍሱ። ሰሙኝ?»

እኔም እንዳገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» አልኩ። ጉበቴ ዘለለ፤ ነጥቧ ከምስሉ ወጣች።

«አጎቴ፣ ትንፋሽዎን በኃይል አይሳቡ ትላለች። ገባዎት?»

ደግሜ ሳብኩ። ማስክ አድርጎ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሽማግሌ በዚያ ሰሞን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሐኪሟ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰካች።

ስልኩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። «ኧረ አጎቴ፣ አዎታዎን ይተዉት! ኮሮና መስሏታል!» ከዚያ እኛ አገር አዎ የሚባለው እንዲህ እንደሆነ በአረብኛ አስረዳች። የሐኪሟ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያው አረፋ ግን ባከነ። በትንፋሼ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቀን ብልቃጡ ውስጥ የተረፈውን ወጋችኝ።

አሁን ጥርሴን ነከስኩ። ነጥቧ ከጉበቴ ጋር እኩል ነጣች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩባት። «እስቲ ጥቆሪና እንተያያለን!» አልኳት በልቤ። አምስት ደቂቃ ሞላ። አልጠቆረችም።

«አጎቴ፣ የካንሰር ምልክት አላየሁም፣ የጠባሳ እብጠት ነው የሚመስለው ትላለች። በሦስት ወር ግን ተመልሰው ይታዩ ብላለች። ይመጣሉ?»

እኔ ጥርሴን እንደነከስኩ ነኝ።

«አጎቴ? አሁን መተንፈስ ይችላሉኮ!»

ያኔ ከሳንባዬ ግርጌ ድረስ ስቤ አዎ አልኳት።

ሻርጃ ስገባ የልብስ ሰፊው ትራስ አልጋዬ ላይ ተጋድሟል። አንስቼ ወደ ላይኛው ወረወርኩት።

«አባባ፣ ምን አሉዎት?»

«ለሦስት ወር ላይ ተኛ አሉህ» አልኩት። «ከሦስት ወር በኋላም ላይ ነህ።»