የዘጠነኛው ሳጥን ጥርስ

ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራ ቤት ተቀጥሮ ጥርስ የሚጸየፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «እፍ» ይሏታል። ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት እፍ፣ ኪቦርድ ከመንካቷ በፊት እፍ፤ በር እንኳ በክርኗ ነው የምትከፍተው። ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። ጥርሱን አትነካም፣ የደንበኞቹን ፋይል ነው የምትይዘው። እሱም ቢሆን ያቅለሸልሻታል።

የቤቱ ባለቤትም ጥርስ ገጣሚውም አንድ ሰው ነው፤ ጌቶች ይሉታል። ጌቶች የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀጥ አድርጎ ጥርሱን ይጎረጉርበታል። ያወጣውን አየት ያደርግና፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መልሶ ይውጠዋል። ከዚያ በዚያው ጣት የእፍን ስክሪን ይነካል።

«እፍዬ፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«ጣትዎን ያንሱልኝና ላንብብልዎት።»

መነጽር አድርግ ቢሉት ሞቼ እገኛለሁ ነው። ያስረጃል አሉ! ጸጉሩን በየሳምንቱ እንደ ጫማ እያስጠቆረ።

እንግዲህ ነገሩን ያመጣው ይኸው ዓይኑ ነው። ፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ መስመር አለው። መስመሩ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠለ ነው፤ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ቀጥሎ አድራሻ፣ ጭራው ላይ ጥርሱ የተቀመጠበት የሳጥን ቁጥር። እያንዳንዷን ፉርጎ ፊልድ ይሏታል። ጌቶች ከስሙ ተነስቶ እስከ ሳጥኑ ድረስ ዓይኑን ማስኬድ ታከተው።

«ሳጥኑን ነቅለሽ ከስሙ ጎን ትከይልኝ።»

«ስክሪኑ ላይ ብቻ ባቀርብልዎትስ?»

«ከሥሩ ነው የምልሽ! ከሥሩ!»

ከሥሩ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቅም። እሷ ግን መላ አላጣችም። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ሲ የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ላይብረሪ፣ ማለትም የተዘጋጁ ትእዛዞች ጎተራ ውስጥ፣ ለዚሁ የተሠራ ፈንክሽን የሚሉት አንድ ትእዛዝ አለ። ፋይሉን፣ ፊልዱንና አዲሱን ቦታ ትነግረዋለህ፤ የሁሉንም ሰው መስመር ፈትቶ በአዲሱ ተራ ይቀጣጥለዋል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ያን ጊዜ ሌላ ኮምፒውተር ፋይሉን ከፍቶ መያዝ የለበትም። ቀድሞ የከፈተ ኮምፒውተር የድሮውን ተራ ነው የሚያውቀው። ዕቃ መዛወሩን ሳይሰማ ጨለማ ውስጥ ገብቶ፣ አልጋው በነበረበት ልተኛ ሲል ወለል ላይ እንደሚዘረጋ ሰው ማለት ነው።

እፍ የፋይሉን ቅጂ አስቀመጠችና የምሳ ሰዓት ጠበቀች። ሌሎቹ መዘጋታቸውን አየች፤ የቀረው የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ የሬዲዮ። ሬዲዮ እንግዳ ተቀባይዋ ናት፣ ወሬ አታሳድርም። ምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሩ ላይ ጨርቅ ትጥላለች። ጨርቁ አንድ ዘመን ነጭ ነበረ ይባላል። አሁን የጸጉር ቅባት ጠጥቷል፣ የድድ ልክ መውሰጃ ሊጥ ደርቆበታል፣ ጫፉ ላይ የተላመጠ ማስቲካ ተለጥፏል። ገለጥ አድርጎ ማየት ብቻ ነበር። እፍ ሁለት ጣቷን ላከች፤ ሽታው መጣ፤ ጣቷን ሰበሰበች።

«ዘግታው ሄዳ ነው እንጂ፣» አለች ለራሷ፤ ተመልሳም ፈንክሽኑን አስነሳችው።

ያን ዕለት ከሰዓት የገዛ እናቷ ቀጠሮ ነበራት። እናትየው ጥርሷ ካለቀ ወዲህ ሰው ፊት አትበላም፣ አትስቅም፤ ጎረቤት ሲመጣ አሞኛል ብላ ትተኛለች። እፍ በስንት ልመና ነው ያሳመነቻት። «አንዴ ከቀፈፈኝ ግን አበቃ፣» ብላለች እናት፣ «ሁለተኛ እንዳታነሽብኝ።»

ሬዲዮ ከምሳ ተመለሰች፤ ጨርቁን ገፈፈች፤ ክፍት የተወችውን ፕሮግራም ቀጠለች። ሰው በመጣ ቁጥር «መጥቷል» ብላ መስመሩን ፋይሉ ላይ መልሳ ታስቀምጣለች፣ በድሮው ተራ። አሁን የሳጥን ቁጥር በሆነው ባለ ሁለት አኃዝ ቦታ ላይ የስልኩ መጀመሪያ ይጻፋል። የሁሉም ስልክ ደግሞ የሚጀምረው በዜሮ ዘጠኝ ነው።

መጀመሪያ ባለታክሲው ገባ። ስክሪኑ ዘጠኝ ስላለው ጌቶች ዘጠነኛውን ሳጥን ከፍቶ ያገኘውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀለት። ሰውየው ትን አለው። «ይለመዳል!» አለ ጌቶች። አልለመድ ሲለው አወጣና በሽርጡ ጠርጎ ወደ ሳጥኑ መለሰው። «መንጋጋህ ነው ጠማማው፣ ነገ ና።» ቀጥላ የጌቶች አማት ገባች። ለሷም ያንኑ ጠቀጠቀላት። «ድድዎ አብጧል እማማ፣ ነገ ይመለሱ።»

ሦስተኛዋ የእፍ እናት ናት። እፍ እጇን ይዛት አብራ ገባች። እናት ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ጌቶች ጥርሱን አነሳ። እፍ አየችው፦ በትምባሆ ቡናማ የሆነ፣ በሽቦ የተጠገነ፣ ምራቅ የሚያንጠባጥብ።

«ጌቶች! ይሄ አዲስ ነው?»

«ምን የመሰለ አዲስ!»

ስክሪኑን ብታይ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። ያ ጨርቅ ትዝ አላት። የጌቶችን ክንድ ለቀም አደረገችው።

«የሌላ ሰው ነው! ሁለት ሰው አፍ ገብቶ ወጥቷል!»

«ቀስ በይ! አንዷ አማቴ ናት እኮ! ብትሰማ ሚስቴን ይዛት ትሄዳለች!»

ይህን ጊዜ ሬዲዮ በበሩ ብቅ አለች፤ «ጡረተኛው ዘበኛ የተጠገነ ጥርሴን አምጡ እያሉ ነው፣ ዘጠነኛ ሳጥን።» ጌቶች አፈፍ አድርጎ ወጣና ለሽማግሌው ሰጣቸው፤ እሳቸውም እዚያው ጎረሱት።

«አባባ፣ ያውጡት!» አለች እፍ ተከትላ። «ሌላ ሰው አድርጎታል!»

ሽማግሌው በምላሳቸው ዞር ዞር አደረጉት። «ለካ ለዚህ ነው ሽቶ ሽቶ የሚለኝ፣» አሉ፤ አላወጡትም። ሬዲዮ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ስትሮጥ ታየች።

እናት ግን ሻሿን አስራ ቆማለች። «ወደ ቤቴ።»

«እማዬ፣ ያንቺን አመጣልሻለሁ፣ ትንሽ ብቻ።»

እፍ የሬዲዮን ኮምፒውተር አጠፋችው፤ ቅጂውን መለሰችው፤ የእናቷን ሳጥን አገኘች። ጥርሱ ከነላስቲኩ ታሽጎ ተቀምጧል። እናት ላስቲኩን አገላብጣ አየች።

«የሱ ጣት አፌ አይገባም፣ አልኩ። አንቺ ክተችልኝ፤ ካልሆነ ሄድኩ።»

እፍ ጥርስ ነክታ አታውቅም። እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ጣቷን አስገባች። ሞቃት ነው፣ ያዳልጣል፣ ምራቁ እስከ አንጓዋ ወረደ። ቀጭ አለ፤ ገባ።

እናት መንጋጋዋን ገጠም አደረገች፤ የልጇን ፊት አየች፤ ከዚያ ቤቱን የሞላ ሰው ፊት አፏን በልቅጣ ሳቀች።

«ፊትሽን ባየሽው! እኔ ከቂጥሽ ስንቱን የጠረግኩ ሴትዮ!»

እፍ መልስ ልትሰጣት አፏን ስትከፍት የመጣው ቃል አልነበረም፤ ወደ ቧንቧው ሮጠች።