ድመቷን ላስመረምር ሄጄ

አባቴ ችኩል ሰው አልነበሩም። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት መስገጃቸውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ከጓዳ ብቅ ብለው «ይህች ድመት ከዚህ ቤት ትውጣልኝ» ሲሉ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። መስገጃው መሐሉ ላይ ርሷል።

«ሸንታ ነጃሳ አረገችብኝ» አሉ። «ባለፈው መደቡን፣ ዛሬ ደግሞ መስገጃውን። እኔ በምን ላይ ልስገድ? ሐይቅ የሚሄድ መኪና ፈልጊና ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ትሂድ። ዓሣ አታጣም፣ አትራብም። ከጁምዓ እንዳታልፍ።»

ውጫሌ ውስጥ የምንኖረው እኔና አባቴ ሁለታችን ነን። እናቴ እኔ ዐረብ አገር ሳለሁ ሞታለች፤ ወንድሞቼም የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል። ድመቷን ማንም አላመጣትም። ከገበያው ዳር የልብስ ሱቄን በከፈትሁበት ክረምት ራሷ ገብታ ከጨርቅ ክምር ላይ ተኛች፣ ማታ ተከትላኝ ቤት መጣች፣ አባቴን ስታይ እኔን ረሳችኝ። ከዚያ ወዲህ ሲሰግዱ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ቁርኣን ከፍተው ሲቀሩ ጉልበታቸው ሥር ትተኛለች። እሳቸውም ከወጡ ውስጥ ሥጋ እየለቀሙ ያላየኋቸው እየመሰላቸው ይሰጧታል። ድመት በዲናችን የምትጠላ እንስሳ አይደለችም፤ እንዲያውም እንግዳ ሰው ሲያባርራት የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ዓይኗን ማየት አልፈለጉም።

ጎረቤት ሁሉ ፍርድ ሰጠ። አንዷ ቀንታ ነው አለች። አንዷ አመሏ ተበላሽቷል፣ የለመደች ድመት አትመለስም አለች። ሦስተኛዋ ዓይን በልቷት ይሆናል ብላ አንገቷ ላይ ክር አሰረችላት። ከመድኃኒት ቤት የሆነ ክኒን ገዝተሽ በወተት አጠጪያት ያለኝም አለ። ሳይጣራ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ማለት ይኼ ነው። ማንም ግን ታማ እንደሆን ትታይ ያለ የለም።

እኔ እልኸኛ ነኝ። እልኼ ደግሞ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ዐረብ አገር የሠራሁበት ቤት እመቤቲቱ ድመት ነበራት። ያቺ ድመት ምግብ የቀነሰች ዕለት ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ተጭና ሐኪም ቤት ሄደች፤ ተሸክሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ደሟ ተቀዳ፣ ሽንቷ ታየ፣ ሆዷ በማሽን ታየ፤ ኩላሊቷ ደክሟል ተባለና የራሷ ምግብ ታዘዘላት። በዚያው ሰሞን ጎኔን እየወጋኝ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ነበር። ለእኔ ከኩሽናው መሳቢያ ክኒን ተሰጠኝ። ምንሽን ነው ያመመሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በድመቷ አልቀናሁም፤ እሷ ምን አጠፋች? ግን የዚያን ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሜ ተንገብግቤ አልቅሻለሁ። አገሬ ከገባሁ እኔ ባለሁበት ቤት ማንም ሳይታይ በግምት አይታከምም፣ በግምትም አይፈረድበትም ብያለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። የድመት ሽንት ምን እንደሚሸት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለዓመታት ስጠርገው የኖርሁ ሴት ነኝ። አፍንጫ ይሰነጥቃል። መስገጃውን ሳጥብ ግን ይህ ነው የሚባል ሽታ አልነበረውም። የእመቤቲቱ ድመት ኩላሊቷ ሲደክም ሽንቷ እንደ ውሃ ቀጥኖ ሽታው ጠፍቶ እንደነበር ትዝ አለኝ። በቃ፣ የእኛዋም ኩላሊቷ ነው አልሁ። ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ፣ ድመቷን በቅርጫት ከትቼ፣ ላዩን በሻርፕ አስሬ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድሁ።

ግቢው በበሬ፣ በበግና በበቅሎ ተሞልቷል። ተራ ያዝሁ። ቅርጫቱ ውስጥ ያለችው ስትጮህ ሰው ሁሉ ዞረ።

«እህት ዓለም፣ ምንድን ነው እሱ?» አለኝ በቅሎ የያዘ ጎልማሳ።

«ድመት።»

«ድመት! ያረቢ! ዛሬ የውጫሌ አይጥ ድግስ ላይ ነዋ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ፊቴ ጋለ፤ ግን ከተራዬ ንቅንቅ አላልሁም።

«የእርስዎ በቅሎ አሞኛል ብላ ነግራዎት ነው ያመጧት?» አልሁት።

«ኧረ የት አባቷ አፍ አላት! ስታነክስ አይቼ ነው እንጂ።»

«እኔም አይቼ ነው።»

ሰውየው ሳቀና «ረታሽኝ ወላሂ» ብሎ በቅሎውን ወደ ጎን ስቦ ቅርጫቴን የማሳርፍበት ጥላ ሰጠኝ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ቅርጫቱን ሲከፍት ፈገግ አለ፤ እንደማያፌዝ ግን ወዲያው ገባኝ። «ውሎዬ ከበሬ ጋር ነው፤ ቢሆንም እናያታለን» አለ። ድዷን ገልጦ አየ፣ ትኩሳቷን ለካ፣ ሆዷን በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ውሃ ትጠጣለች? ከበፊቱ ይበልጣል? ከስታለች? ስትሸና ትጮኻለች? ብዙ ጠየቀኝ፤ መስገጃው ሽታ እንዳልነበረውም ነገርሁት። ከፊት እግሯ ትንሽ ደም ሲቀዳ እኔ አንገቷን ይዤ ነበር፤ ክንዴን ቧጠጠችኝ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን ታጠበ።

«ሽንቷን ሳላይ ምንም አልሰጥሽም» አለኝ። «አመል ይሁን በሽታ፣ ፊኛ ይሁን ኩላሊት፣ የሚለየው እሱ ነው። ነገ ጠዋት ንጹሕ አድርገሽ አምጪልኝ።»

ግንባሩን ልስመው ነበር።

ድመትን ሽንት ስጪኝ ማለት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። የእኛዋ የምትጠቀመው ከማድቤቱ ጀርባ ያለውን የአመድ ሣጥን ነው። አመድ ደግሞ ይመጥጠዋል። ስለዚህ አመዱን ደፍቼ፣ ሣፋ በፈላ ውሃ አጥቤ፣ ከወንዝ ዳር የለቀምሁትን ጠጠር አሽቼ አድርቄ ሞላሁበትና ከእሷ ጋር ዕቃ ቤት ዘጋሁባት። ጠጠሩን አሸተተች። እኔን አየችኝ። ዞራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ማሩኝ ብላ ብትጮህም አልከፈትሁም። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ይመለከታሉ።

«ምን ያደርግልሻል ይኼ ሁሉ? ድመት ናት እኮ» አሉ።

«ታማ ከሆነ ጥፋተኛ አይደለችም አባ። የታመመ አይባረርም።»

ወደ ጓዳ ገቡ። ያኔ ድካም የመሰለኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ድካም አልነበረም።

ሲነጋ ሣፋው ውስጥ፣ በጠጠሩ መሐል፣ ወርቃማ ነገር ተኝቷል። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። በስሪንጅ መጥጬ በንጹሕ ብልቃጥ አድርጌ፣ ድመቷንም በቅርጫት ይዤ ከነፍሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ለሰው የሚሠሩበትን ባለቀለም ወረቀት ነክሮ አየ። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የገዛት፣ የሽንት ውፍረት የምትለካ፣ እንደ አጭር ቱቦ ያለች መነጽር ላይ አንድ ጠብታ አኑሮ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናት። በመጨረሻ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ፤ እዚያ ላይ ብዙ ቆየ። እኔ ከኋላው ቆሜ ዱዓ አደርጋለሁ።

«እህቴ፣ ይህች ድመት ከእኔም ከአንቺም ትሻላለች» አለ ቀና ብሎ። «ስኳር የለም፣ ደም የለም፣ ጀርም የለም፣ ጠጠርም የለም። ደሟም ደህና ነው። ኩላሊት ሲደክም ሽንት ይቀጥናል፤ የእሷ ወፍራም ነው።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አዎ፤ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እስቲ ብልቃጡን አሽትቺው።»

ማሽተት አላስፈለገኝም። ክፍሉን ሞልቶታል።

«የመስገጃው አይሸትም ብለሽኛል። ይኼን የሸናች ድመት መስገጃ ላይ ብትሸና ቤቱን ለቃችሁ ትወጡ ነበር። እሷ አይደለችም ያደረገችው። ሌላ ድመት አለ?»

«የለም።»

«ጣሪያው ያፈስሳል?»

ዝናብ ካየን ቆይቷል። «የለም» አልሁት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳልሁት አላስታውስም። ቅርጫቴን አንስቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ባጃጁ ሲንገጫገጭ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ መጣ። አባቴ ጉልበቴን አሞኛል ብለው መስጊድ መሄድ ትተዋል፤ ገበያ ሲዞሩ ግን አያነክሱም። ከከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ወዲያ ሻይ አይጠጡም። ሱሪያቸውን እኔ እንዳጥብላቸው አይሰጡኝም፤ ጠዋት ስነሳ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘዋለሁ፣ እኔም አባቴ እንዴት ያሉ ለሰው የሚያዝኑ ናቸው እያልሁ ለሴቶች አወራለሁ። ደሴ ዘመድ ሲሞት እንኳ አውቶቡስ ያዞረኛል ብለው ቀሩ። መስገጃውም፣ መደቡም የሚርሰው እሳቸው ከተቀመጡበት ሲነሱ ነው። ድመቷ ሁልጊዜ አጠገባቸው ስለሆነች ነው የተፈረደባት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ አልዋሽም። አፍ የሌላት እንስሳ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉን እሳቸው አይደሉም ወይ? ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ሳያደርጉ ውለው የማያውቁ ሰው፣ ጦሃራቸው፣ ያ ንጽሕናቸው፣ ከእጃቸው ሲያመልጥ ለማን ይናገሩ? ለሴት ልጃቸው? እናቴ ብትኖር ይነግሯት ይሆን ነበር። ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አይቶኝ «አብሽሪ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ድመቴ ጤነኛ ናት ብለውኝ ነው ብዬ ብነግረው እንዳበድሁ ይቆጥረኝ ነበርና ቅርጫቱን አቅፌ ወደ ውጭ አየሁ።

መዋሸት እችል ነበር። ፊኛዋን አሟታል፣ ይኸው መድኃኒቷ፣ ስትድን ትተዋለች ብል ድመቷ ትቀራለች፣ የአባቴም ክብር ሳይነካ ያድራል። እደጃችን እስክደርስ ይህንኑ ስመዝን ነበር። ነገር ግን ውሸቱ ድመቷን ያድናታል እንጂ እሳቸውን አያድናቸውም። ወንድሞቼን ልጥራ? ነገሩን ከአንድ ሰው በላይ ካወቀው ደግሞ አባቴ ቀና ብለው አይሄዱም። ስለዚህ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እነግራቸዋለሁ፤ ሌላ አንድ ቃል አልናገርም ብዬ ቆርጬ ገባሁ።

መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቅርጫቱን ስከፍተው ድመቷ ዘልላ ወጥታ፣ ምንም እንዳልበደሏት፣ ጉልበታቸው ሥር ገባች።

«እ? ምን አሉሽ?» አሉኝ።

«ጤነኛ ናት አሉ። ደሟም ሽንቷም ታይቷል። የእሷ ሽንት በጣም ይሸታል፤ የመስገጃው ግን አይሸትም። ስለዚህ መስገጃውን ያረጠበችው እሷ አይደለችም አሉ።»

ይህን ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚህ በኋላ ሐኪሙ ተሳስቷል ቢሉኝ፣ ጁምዓ ትሂድ ብለው ቢያጸኑት፣ እኔ የምጨምረው ቃል አልነበረኝም። ልጅ አባቷን አታራቁትም። ውጭ በግ ሻጮች ሲጨቃጨቁ ይሰማል። ከዚያ የአባቴ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ድመቷ ጭንቅላት ወረደ።

«አፉ በይኝ» አሏት። «አላህ ዘንድ እንዳትከሺኝ። አፉ በይኝ።»

አባቴ ለሰው እንኳ ይህን የይቅርታ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉኝ። «ያዘኝ ስል ያመልጠኛል። ምን ላድርግ።»

«ምን ያደርጋሉ፣ ይታያሉ ነዋ» አልሁ። «አብሽሩ አባ። ድመቷ ታይታ እርስዎ ሳይታዩ አይቀሩም።»

«ማን ፊት?»

«ሐኪም ፊት። እኔ ውጭ እቆማለሁ።»

ጁምዓ ድመቷን ሊወስድ የነበረው የሐይቅ መኪና ያለ እሷ ሄደ። ቅዳሜ ማልደን ደሴ ወረድን። በየመንገዱ ሾፌሩን እያስቆምሁ ሰው ሲያጉረመርም የታመምሁት እኔ ነኝ አልሁ፤ ሆዴን ነው። አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ከንፈራቸው ለዱዓ ይንቀሳቀሳል። ሐኪም ቤት ስማቸው ሲጠራ ተነሡ፤ እኔ ባልሁት መሠረት ልቀር ስል እጄን ያዙኝና ይዘውኝ ገቡ።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ብዕሩን አንስቶ «አባቴ፣ ይህ ነገር ከጀመረዎ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?» አለ።

አባቴ አንገታቸውን አልደፉም። ድምፃቸውን አጥርተው፣ እኔ እየሰማሁ፣ እንዲህ አሉ፦

«ድመቲቱን መክሰስ ከመጀመሬ በፊት ነው።»