በመቀናጆ የገዛነው ሮቦት

እጄ ሥራ ከፈታ ራሴን አላምነውም። ስብሰባ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን እነቅላለሁ፣ እከድናለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናቴ «አንች ልጅ፣ ተቀምጠሽ እንኳ ትሮጫለሽ» ትለኛለች። በሠላሳ አራት ዓመቴ ቅርጻቸውን የሚቀይሩ ሮቦቶች የምሰበስበውም ለዚሁ ይመስለኛል። መኪናውን አጥፌ፣ ዘርግቼ፣ አዙሬ ሰው አደርገዋለሁ፤ ሰውየውን መልሼ መኪና አደርገዋለሁ። ያን ጊዜ ብቻ ልቤ ትንሽ ረጋ ይላል። የመጀመሪያውን የገዛሁት ለእህቴ ልጅ ልደት ነበር። እስኪ ልሞክረው ብዬ ከፈትኩትና በማግስቱ ለልጁ ኳስ ገዛሁለት።

እንጅባራ ውስጥ የምሠራው መሬት ቅየሳ ነው። ሜትርና ጂፒኤስ ተሸክሜ ገጠር ለገጠር እዞራለሁ። ወንድማማቾች በአንድ እርምጃ ድንበር ሲካሰሱ መሐላቸው ቆሜ «ኧረ እናንተ ሰዎች አታፍሩም? አንድ እርምጃ እኮ ናት!» እያልኩ እቆጣለሁ። ይህን አሁን የማነሣው በኋላ የምናገረው ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ስልኬ ላይ የሮቦት ሰብሳቢዎች ግሩፕ አለ። አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ ከአዊ ሦስት ብቻ ነን። አንዱ ግምጃ ቤት ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ነው። አንድ ነገር ከመግዛቱ በፊት ሦስት ወር ያስባል፤ ከገዛ በኋላም ካርቶኑ እንዳይቀደድ ማሸጊያውን በምላጭ ነው የሚከፍተው። ሌላው ዳንግላ ውስጥ ጋሪ የሚጠግኑ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ እኔም መምህሩም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ወደዚህ ነገር የገቡት ከሰልባጅ ልብስ መሐል አንድ ክንዱ ከጎኑ የወጣ አሻንጉሊት መኪና አግኝተው ነው። «ይህን መጋጠሚያ የሠራ ሰው ጋሪ ቢሠራ ኑሮ ፈረሱ አይደክምም ነበር» ይላሉ እስከ ዛሬ። አሥራ አራት ሮቦቶቻቸው ጋሪ መጠገኛ ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከአሮጌ ጎማዎች መሐል፣ በሚስማር ተሰቅለዋል። ግሩፑ ላይ አይጽፉም፤ ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ። ከኋላ ወይ መዶሻ ይሰማል ወይ ፈረስ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የትልቁ ሮቦት ወሬ መጣ። ሦስት የግንባታ መኪኖች ናቸው፤ ገልባጭ፣ ክሬንና ኤክስካቫተር። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ቁመቱ ከጉልበት የሚያልፍ አንድ ሮቦት ይሆናሉ፤ ገልባጩ ደረትና ራስ፣ ክሬኑ ሁለት ክንድ፣ ኤክስካቫተሩ ሁለት እግር። መጋጠሚያው ብረት ነው ተባለ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይታጠፋሉ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ግሩፑ እንቅልፍ አጣ። አንዱ «ፊቱ ስብሰባ ያረፈደበት ሊቀ መንበር ነው የሚመስለው» አለ። እኔ «የእግሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቢጫ ነው» ብዬ ጻፍኩና ስምንት ሰው ሳቀ። ሌላው ፎቶውን አጉልቶ «ጉልበቱን እዩት፣ ይህን ሁሉ ክብደት አይችልም፤ በዓመቱ ይላላል» አለ። ስለዚያ ጉልበት ሦስት ቀን ተጨቃጨቅን። መልስ እንዳያመልጠኝ ቅየሳ የማያስፈልገው ጉብታ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ወጣሁ። ባለመሬቱ ገበሬ ከሥር ሆኖ መሬቱ ምን ሆነብኝ ብሎ በጭንቀት ያየኝ ነበር።

መምህሩ እንደ ልማዱ «እንጠብቅ» አለ። «ሁለተኛው ዙር ሲወጣ ቀለሙንም ጉልበቱንም ያስተካክሉታል። የመጀመሪያ ዙር የሚገዛ ሰው የሌላውን ስሕተት ነው የሚገዛው።» እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ «እስከዚያ ብንሞትስ?» ብዬ መለስኩለት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጋሼ ድምፅ መጣ።

«ልጆች እንደምን አላችሁ። እኔ ሁለተኛውን የምጠብቅበት ዓይን የለኝም። ባሕር ዳር ሂጀ ሐኪም አየኝ። ግራው ሂዷል፤ ቀኙም ይከተላል አለኝ፤ ጠብታ ሰጥቶ ሰደደኝ። እንግዲህ ይህን ትልቁን ነገር ቁሞ ባየው ደስ ይለኛል። ሌላ አላልኩም።»

ከዚያ መዶሻው ቀጠለ፣ ድምፁም አለቀ።

ብቻችንን ለመግዛት ለአንዳችንም የሚቻል አልነበረም። ዘዴውን ያመጡት ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ መቀናጆ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ በሬዎቹ ባንድ ቀንበር ተጠምደው የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሳሉ፣ ሲፈቱ ግን እያንዳንዱ የራሱን በሬ ወደ በረቱ ይነዳል። «አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የት ይደርሳል» አሉ። እኛም ሦስት ሆነን እንገዛለን፤ አንድ አንድ መኪና ይዘን እንገባለን፤ ስንገናኝ አንድ ላይ እናቆመዋለን። መምህሩ እንኳ በአንድ ቀን እሺ አለ። ዱባይ የምትሠራው እህቱ ለእረፍት ስትመጣ ይዛው መጣች።

ከመምህሩ ጋር ካርቶኑን በጉልበታችን ላይ አድርገን ከእንጅባራ ዳንግላ ሄድን። ጋሼ መጠገኛ ቤታቸውን ጠርገው ጠበቁን። ፊታቸውን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርገው ነበር የሚያዩት፤ አንገታቸውን ያመማቸው ይመስል ነበር። ሦስቱን መኪኖች ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። ለመግጠም እጄን ስሰድ ጋሼ ያዙኝ።

«አስቀድመን ዕጣ» አሉ። «አንዴ ከቆመ በኋላ ሰው ይሳሳል።»

እሳቸው ብሎን ሰጡ፣ መምህሩ ጠመኔ ሰጠ፣ እኔ የእስክሪብቶዬን ክዳን ሰጠሁ። ድንች ሸጣ ባዶ ጆንያ ይዛ የምትመለስ አንዲት ሴት ከመንገድ ጠራንና የቱ የማን እንደሆነ ሳንነግራት በየመኪናው ላይ አስቀምጭልን አልናት። ብሎኑን ገልባጩ ላይ፣ ጠመኔውን ክሬኑ ላይ፣ ክዳኔን ኤክስካቫተሩ ላይ አደረገች። «ትልልቅ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

እግር። ፊት የሌለው፣ እጅ የሌለው፣ ከወገቡ በላይ ባዶ የሆነ እግር። በሬ ከበሬ ጋር ሲቀናጅ ሁለቱም በሬ ናቸው፤ የኛ መቀናጆ ግን አንዱ ራስ ያለው፣ አንዱ ራስ የሌለው መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ራሱን የያዘ ሰው ሮቦቱን ይዟል፤ እኔ መቆፈሪያ ነው የያዝኩት። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጋለብኝ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ዓይናቸው በሚጠፋ ሽማግሌ ቀናሁ።

ኤክስካቫተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ምነው ልጀ? አንድ ጊዜ እናቁመውና ትሄጃለሽ እንጅ» አሉኝ።

«የመኪና ሰዓት ደረሰብኝ ጋሼ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የእንጅባራ ሚኒባስ ረዳቶች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰው ይጠራሉ። ጋሼ ሰዓት አላዩም። መምህሩ ግን ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ነው አልኩ፤ በክረምት ዝናብ ሲዘንብ ያየሁት ያኔ ብቻ ይመስል። በሁለተኛው ቅዳሜ የመስክ ሥራ አለብኝ አልኩ፤ የመስክ ሥራው እንዲሰጠኝ የለመንኩት ራሴ ነበርኩ። በዚያ ቅዳሜ መምህሩ ክሬኑን ይዞ ብቻውን ሄደ፣ እዚያው ትቶላቸው ተመለሰ፣ ደወለልኝም።

«ክንዱንና ደረቱን ገጥመናል። በጀርባው አስተኝተነዋል። እግር ብቻ ነው የቀረው» አለ።

«እመጣለሁ አልኩ እኮ።»

«አንቺ ድንበር አስታራቂ አይደለሽ እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁበት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለጋሼ ዓይን ጸለይኩ። እግሮቹ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት እኔን ነው።

በአራተኛው ሳምንት ንዴቴ በረደልኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ምን እንዳናደደኝ ራሱ ሞኝነት ሆኖ ታየኝ። ቦርሳዬን አዘጋጀሁ፣ መናኸሪያ ወረድኩ፤ መንገድ ተዘግቷል ተባለ። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ዕቃውን አንሥቶ ይመለሳል። በማግስቱ ኔትወርክም ሄደ።

ሰባት ሳምንት። ሰባቱንም ሳምንት መናኸሪያ እየወረድኩ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ኤክስካቫተሩን አነሣና አጥፌ እግር አደርገዋለሁ፤ እግሩን ዘርግቼ ኤክስካቫተር አደርገዋለሁ። ሻይ እስኪፈላ አጥፈዋለሁ። መብራት ሲጠፋ በዳበሳ አጥፈዋለሁ። የጋሼ ቀኝ ዓይን ዛሬስ ምን ያህል ቀረው እያልኩ አጥፈዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ጉልበቱ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበረው። በአምስተኛው ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም።

መንገዱ በተከፈተ ቀን በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። የጋሼ ባለቤት ደጅ ላይ ተቀበሉኝና ወደ ውስጥ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጋሪ ጣውላ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር።

«የጠፋሽው ልጅ! ነይ ግቢ» አሉ። ፊታቸው ወደኔ ሳይሆን ከኔ ትንሽ ወደ ጎን ነበር የዞረው።

ጠረጴዛው ላይ ሮቦቱ ቆሟል።

ክንዱ ሰማያዊ፣ ደረቱ ቀይ፣ እግሩ እንጨት። ከዋንዛ የተጠረበ፣ ቀለም ያልነካው፣ ዘይት ብቻ የተቀባ ሁለት እግር። ጉልበቱ ላይ ከብስክሌት ሽቦ የተሠራ መጋጠሚያ አለው። ቁመቱ ከጉልበቴ ያልፋል፣ ቀጥ ብሏል፣ ወዴትም አይልም።

«መንገዱም ተዘጋ፣ ዓይኔም አልጠብቅ አለኝ» አሉ ጋሼ። «በሬ ሲጠፋ እኛ አገር ፈረስ ይጠመድ የለ? እኔም እንጨት ጠመድኩለት።»

«ቆሞ አዩት ታዲያ?»

«አየሁት እንጅ! አራት ቀን ሙሉ ከፊቱ ተቀምጨ ዋልኩ። ፊቱን እንዲያው ነው ያማችሁት፤ ደግ ፊት ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ግን ደበዘዘ። አሁን ሰው ሲመጣ እንደ ጥላ ነው።»

እግሮቹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ይቅርታ ልላቸው አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን «ዋናዎቹን ይዤ መጥቻለሁ» የሚል ነበር። የእንጨቶቹን ነቅዬ የኔን ገጠምኩ። ጋሼ ተነሡና በሁለት እጃቸው ከራሱ ጀምረው ወደ ታች ዳሰሱት። ወገቡ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ዘገየ።

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ቢጫ ነው ጋሼ። ጥቁር መሥመር አለው።»

«ያ የጀሪካኑ ቢጫ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ጉልበቱን ያዙ። እጃቸውን ለቀቅ ሲያደርጉ ሮቦቱ ቀስ ብሎ ወደ ፊት አጎነበሰ። «ጉልበቱን ምን ነካው?»

ሰባት ሳምንት ያጠፍኩትን ሁሉ አየሁት። «መንገዱ እስኪከፈት ስጠብቅ… በጣም አጠፍኩት» አልኩ።

«እህ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲያው የኔን መልሽለት። ይህንን እጀ አያውቀውም፤ ያንን ጠርቤዋለሁ፣ የቤቱን በር ስዘጋም ስከፍትም እየዳሰስኩት ነው የምገባ የምወጣው።»

እግሮቼን ነቀልኩ። የእንጨቶቹን መልሼ ስገጥም ሁለት ጊዜ ሳትኩ። ሮቦቱ እንደገና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጋሼም አንድ ጊዜ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ በርጩማቸው ተመለሱ። በዕጣው ቀን የተበደልኩ ያህል የተናደድኩበትን ዕቃ፣ ሙሉ በሙሉ የራሴ ሆኖ፣ ይዤ ቀረሁ። አምጪው የሚለኝም የለም።

አጠገባቸው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን። ስለ መምህሩ አወሩኝ፤ ስለ ፈረሶች አወሩኝ፤ ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚወጣ ጠየቁኝ፤ ጉልበቱን አስተካክለውት እንደሆን ግሩፑ ላይ ጠይቂልኝ አሉኝ። ከውጭ ረዳቶቹ «እንጅባራ! እንጅባራ የሞላ!» እያሉ ሲጠሩ ይሰማል። ጥሪው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጋሼም ሰሙት።

«የመኪና ሰዓት አልደረሰብሽም?» አሉኝ።

ፊታቸውን አየሁ፤ አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«አልደረሰም ጋሼ» አልኩ።

በእውነት የደረሰው ያን ቀን ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ ሲነሣ ሁለታችንም ሰማነው፤ እጄን ያለ ሥራ ጭኔ ላይ አሳርፌ ተቀመጥኩ።