ተፈራ ጂ. የሚባሉ ተመራማሪ

ገብረየስን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ይኖራል፤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የምርምር ዘዴ ያስተምራል። እኔ እዚያው ሂሳብ አያያዝ አስተምራለሁ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ባጃጅ ሲሳፈር ሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል እየተባለ ይታማል። በዓይኔ አላየሁም፤ ግን አያደርገውም ብዬ አልምልም።

ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ምንጭ ከየት እንደሚፈልጉ ነው። የእኛ ልጆች ሁሉን ነገር የሚፈልጉት ቴሌግራም ላይ ነው። የኢንተርኔት ጥቅሉ ርካሽ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች ሥራም እዚያው ተዘርግቶ ይገኛል። ገብረየስ ይህን አይወድም። "ቴሌግራም ገበያ ነው" ይላል፤ "የማይገኝ ነገር የለም፣ ማን እንደሸጠልህ ግን አታውቅም።" ለጠየቁት ሁሉ መልስ የማያጣውን ቻትቦት ደግሞ "ምላሰ ቅቤ" የሚል ስም አውጥቶለታል። አላውቅም ማለት ከማይችል ጋር ምን ምክር አለ ባይ ነው። የሚፈቅደው የጥናት መፈለጊያዎችን፣ የመጽሔቶቹን የራሳቸውን ገጽና የዩኒቨርሲቲዎችን ክምችት ብቻ ነው። እዚያ የተገኘውንም ቢሆን ፊቱ ተከፍቶ ካላየው በቀይ ይሰርዘዋል።

ከዚህ ትምህርት ጋር በየዓመቱ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለ፤ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ወጣት ሳለ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ የሆላንድ ተመራማሪ ሁለት ረዳቶች ይዞ ይመጣና አብረው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይከርማሉ። ሴቶቹ ዓሣውን ከማን እንደሚረከቡ፣ ለማን እንደሚሸጡ፣ ሳይሸጥ ሲቀር ምን እንደሚያደርጉት ይጠይቃሉ። ጠያቂው ገብረየስ ነበር፤ ሲዳምኛ ይችላል። አብዛኛውን የጻፈውም እሱ ነው። ሰውዬው ለመጽሔት እልከዋለሁ ብሎ ይዞት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ገብረየስ ሥራ ለቀቀ፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልም ተዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉ ወጥቶ እንደሆነ ብሎ በስሙ ኢንተርኔት ላይ ያስሳል። ገብረየስ ብሎ ይጽፋል፤ የለም። "በላኝ!" ብሎ ታሪኩን ይጨርሳል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም።

ለተማሪዎቹ የማይነግራቸው ደግሞ አለ፤ ለእኔም የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። አባቱ አቶ ተፈራ ከወሎ መጥተው ሀዋሳ የቀሩ የእርሻ ድርጅት ዘበኛ ነበሩ፤ ፊደል ያልቆጠሩ፣ በአውራ ጣታቸው የሚፈርሙ ሰው። ልጃቸው አንድ ነገር ጽፎ ውጭ አገር እንደላከ ሰምተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው ሲሄድ "ያ ወረቀትህ ወጣ?" ይሉታል። "ገና ነው አባባ" ይላል። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበር።

ዘንድሮ ሩሀማ የምትባል ልጅ እንዲያማክራት ደረሰችው። እናቷ አሞራ ገደል ዓሣ ይሸጣሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፏም በዚያ በሚሸጡት ሴቶች ላይ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ አግኝታ፣ ዲግሪዋን ይዛ እስክትመጣ ቀጣሪዎቿ እየጠበቋት ነበር። ታዲያ የመጀመሪያ ረቂቋ ላይ ምላሰ ቅቤው የፈለሰፋቸው ሁለት ጥናቶች ተገኙ፤ ርዕሳቸው ያማረ፣ በምድር ላይ ግን የሌሉ። ገብረየስ አልጮኸም። "አንድ እንኳ ብትደግሚ ዘንድሮ ዲፌንስ አትቀርቢም" አላት።

ሁለተኛውን ረቂቅ ይዛ የመጣች ቀን እኔም ቢሮ ነበርኩ። ምንጮቹን አንድ በአንድ አየላት። ሁሉም ደህና ሄደና አንዱ ላይ ቆመ።

"ተፈራ ጂ. እና ሌሎች። ይሄ ጂ ማነው?"

"አላውቅም መምህር። አንድ የኬንያ ጥናት ውስጥ ነው ያገኘሁት። እዚያም እንደዚሁ ነው ያለው።"

"ግርማ ነው? ገነት ናት? ስሙን የማታውቂውን ሰው ምስክር ትጠሪያለሽ?"

"ስለ አሞራ ገደል ሴቶች የተጻፈ ያገኘሁት ይሄንን ብቻ ነው። ከሌለ ምዕራፉ ይፈርሳል።"

"ምላሰ ቅቤውም እኮ የምትፈልጊውን ነው የሚሰጥሽ።"

ከፍቶ ማየት ነበረበት፤ የራሱ ደንብ ነው። ግን በዚያ ሰዓት ኔትወርክ አልነበረም፤ እሱም አንዴ ጠርጥሯል። በቀይ ሰረዘው። እስከ ዓርብ የሰውዬውን ሙሉ ስምና ጽሑፉን ካላመጣች ስሟን ከተፈታኞች እንደሚያወጣ ነገራት። ሩሀማ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። አበዛኸው ልለው ፈልጌ ነበር፤ ቀዩን እስክሪብቶ ገና ስላላስቀመጠ ተውኩት።

ዓርብ መጣች። የመጽሔቱን የራሱን ገጽ ፈልጋ አግኝታለች። ጽሑፉ ካልተከፈለበት እንዳይከፈት ተቆልፎ ነበር፤ እሷ ግን ገጹ ላይ ወዳለው አድራሻ ጻፈች፤ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ከሆላንድ ሙሉውን ላኩላት።

"ስሙን አገኘሁት መምህር" አለች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "እኔ ከምናገር እርስዎ ያንብቡት።"

ገብረየስ መነጽሩን አደረገና ስሙን ረስቶ ቀጥታ ወደ ውስጥ ገባ፤ ልማዱ ነው፣ ሰውን ሳይሆን ሥራውን ይመረምራል። ሰንጠረዡ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ይህቺን ሴትዮ እኮ የጠየቅኋት እኔ ነኝ" አለ። "ያልተሸጠውን አድርቀን ለጎረቤት እንሰጣለን ያለችው ለእኔ ነው።"

ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። ገብረየስ ተፈራ ይላል፤ ስሙ ከሆላንዱ ሰውዬ ስም ቀድሞ። ግርጌ ላይ ግን፣ ውጭ አገር የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ "ተፈራ ጂ." ተብሎ ተመዝግቧል። እሱ ስንት ዓመት ገብረየስን ሲፈልግ፣ ዓለም የምታውቀው ተፈራን ነበር። ፍለጋ የሚያስተምረው ሰውዬ! አልዋሽም፣ ሳቄ መጣ።

"ፕሮፌሰሩ ሰላም በይልኝ ብለዋል" አለች ሩሀማ፤ "ብዙ ጊዜ ጽፈውልዎት መልስ አጥተው ነበር።"

የሰማት አልመሰለኝም። ጽሑፉ የወጣበትን ዓመት እያየ ነበር።

"ያኔ አባባ በሕይወት ነበሩ" አለ። "ወጥቶ ነበር። እኔ ገና ነው እላቸዋለሁ።"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሳቄ ጠፋ፤ ከልቤ አዘንኩለት። ሩሀማ ቆማ እግሯን እግሯን ታያለች። ገብረየስ ረቂቋን ሳበና ከቀዩ ሰረዝ አጠገብ "ትክክል ነው" ብሎ ጽፎ ፈረመበት። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። ለተማሪ ይቅርታ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እሷ እንደ አገራችን ወግ ገብረየስ ተፈራ ብላ ልታስተካክለው ፈልጋ ነበር። "ተይው" አላት። "እንዳለ ይሁን።"

ሩሀማ ማለፏን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ጀምራለች። የዲፌንሱ ዕለት ከውጭ የመጣው ፈታኝ ጽሑፏን እያገላበጠ "በየገጹ ተፈራ እንዳሉት፣ ተፈራ እንደገለጹት ትያለሽ" አላት፤ "እኚህ ሰው ማን ናቸው? ትልቅ ምሁር ናቸው እንዴ?"

አማካሪ ዲፌንስ ላይ አፉን አይከፍትም። ደንቡን ያረቀቀው ራሱ ገብረየስ ነው። ሩሀማ ዞር ብላ አየችው። ከወንበሩ ተነሣ።

"አባቴ ናቸው" አለ።

ቀልድ መስሏቸው አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ፈታኙም እየሳቀ ገጹን ገለጠና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።