የሰረዝኳቸው ሐሰተኞች

በነቀምቴ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ በሬዲዮ ጥገና ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛውንም ኮምፒውተሩንም ያለ አስተማሪ ቻልኩ። በስልሳ አራት ዓመቴ ስለ ፕሮቲን ማንበብ ስጀምር ልጆቼ ሳቁብኝ። አሁን አይስቁም። ይህን ሁሉ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ፤ የሚቀጥለውን ግን ለሚስቴም ነግሬ አላውቅም።

ሙሉነሽ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። ለማስተርሷ የኑግ ፍሬ ፕሮቲኖችን ታጠና ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ ተጠግተው የሚገኙ ፕሮቲኖች በኬሚካል ይቆራኛሉ፤ ተቆራርጠው በማሽን ይመዘናሉ፤ ከዚያ ሶፍትዌር ክብደቱን ከዳታቤዝ ጋር እያመሳከረ ማን ከማን ጋር እንደተቆራኘ ያወጣል። የማሽኑ ውጤት ከውጭ አገር በሃርድ ዲስክ መጣላት። ሶፍትዌሩን የሚያውቅ አጥታ ስትጨነቅ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስከ ዓርብ ጠብቂኝ" አልኳት። ከዚያ ከጉቴ እስከ አኖ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

ሶፍትዌሩ አንድ ብልሃት አለው። በተፈጥሮ የሌሉ የፈጠራ ፕሮቲኖችን ዳታቤዙ ውስጥ ይቀላቅላል። እነዚህ ሐሰተኞች በውጤቱ ከበዙ፣ ከእውነተኞቹም ብዙዎቹ በስህተት ገብተዋል ማለት ነው። ሐሙስ የውጤቱን ሰንጠረዥ ስከፍት ሐሰተኞቹ ሞልተውታል። ምን ማለት ነበረብኝ? አልቻልኩም ማለት። እኔ ግን ሰረዝኳቸው። አንድ በአንድ እየመረጥኩ ሰረዝኳቸው። ትርጉማቸውን ሳላውቅ ነው ብል ማን ይከራከረኛል? አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሰረዝኩ።

ጥናቷን ስታቀርብ ሱፌን ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ፈታኙ ሰንጠረዡን አይቶ፣ "አንድም ሐሰተኛ የለም? እህቴ፣ ይሄ ዳታቤዝ ነው ወይስ ገነት?" አላት። አዳራሹ ሳቀ። ዞራ አየችኝ። እኔ ባርኔጣዬን አየሁ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላጣራ አቀረብኩ" አለች። ደግማ ሠርታ ካላስተካከለች ማስተርሷ እንደሚቀር ተነገራት።

በር ላይ "ኦቦ ደሬሳ፣ ሶፍትዌሩን ምን ነካው?" ስትለኝ፣ "አርጅቷል" አልኳት። እርጅናዬን ለሶፍትዌሩ ሰጠሁት። ከስረዛው ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ እሷ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበርና።

አብረን እንደገና ሠራነው። ስህተቱንም ራሴ አገኘሁት፦ ሶፍትዌሩ ላይ የሞላሁት የማቆራኛ ኬሚካል ስም እሷ ከተጠቀመችበት የተለየ ነበር። ሲስተካከል ከሐሰተኞቹ ጥቂት ብቻ ቀሩ፤ እሷም ተመረቀች። በየበዓሉ እየደወለች "መምህሬ" ትለኛለች። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ነገሩ መልካም ስላለቀ ግን ጥፋቴ ጥፋት መሆኑ ቀረ? አልቀረም። ያስተካከልኩት ሰንጠረዡን እንጂ በዚያ አዳራሽ የተሳቀባትን ሳቅ አይደለም።

የቻልኩትን ደግሞ ልናገር፣ መናገር ልማዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሠራሁ። ከሙሉነሽ በኋላ ለሦስት ተማሪዎች ውጤት አወጣሁ፣ አንዷ ከቢላ ድረስ የመጣች ናት፤ ሐሰተኞቹን ሁሉ ከሰንጠረዡ አናት ላይ አስቀምጬ ሰጠኋቸው። ለአራተኛው ግን "አልቻልኩም" አልኩት፤ ይህን መቻል ሰባ ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ ጠዋት ይህን ጽሑፍ፣ ሌላ ሰው ሳያነበው፣ ለሙሉነሽ ላክሁላት። ምን እንደምትመልስ አላውቅም። መላኩን ግን ቻልኩ።