የጨረሰ ዞሮ ይቀበላል

ፊደል የቆጠርኩት የሱዳንን ድንበር፣ ገላባትን ሳልሻገር፣ ከአንድ ዲያቆን ዘንድ ሦስት ወር ብቻ ነው። ጽሑፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ፤ ነገሩን ግን አልረሳሁትም።

የልጅ ልጄ ገዳሪፍ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ነበረች። በጦርነቱ የካርቱም ሰው ወደዚህ ከተሰደደ ወዲህ ክፍሉ ሞልቶ አንድ ወንበር ላይ አራት ልጅ ይቀመጥበታል። የካርቱም ልጆች የዐረብኛውን ንባብ እንደ ውኃ ይጠጡታል። የኔዋ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ምላሷ ይታሰራል። አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች። አስተማሪዋ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ካላነበብሽ ሁለተኛ ክፍል ትወርጃለሽ ብላታለች። ከወረድኩ ከቤት አልወጣም አለች። አውቃታለሁ፣ እልኋ የኔ ነው፤ አለች ማለት አለች ነው።

በማግሥቱ ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። አስተማሪዋ ወጣት ሱዳናዊት ናት፤ ከመጮኽ ብዛት ድምጿ ሰልሏል። «ያ ሐጅ»፣ አንቱ ሐጅ ብላ ተቀበለችኝ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ግን እዚህ አገር ያረጀ ሁሉ ሐጅ ነው፣ ለምጄዋለሁ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ልይ አልኳት። ወላጅ አይገባም አለችኝ። እኔ ወላጅ አይደለሁም፣ አያት ነኝ አልኳት። ሳቋ አመለጣትና፣ ከተቀመጡ እንደ ተማሪ ነው ብላ መጽሐፍ ሰጠችኝ። ከኋላ ባዶ ጀሪካን አጋድሜ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ዞረው ሳቁብኝ፤ የልጅ ልጄ በሐፍረት ፊቷን ሸፈነች።

አየሁ። ፈጣኖቹ ቶሎ ይጨርሱና ሥራ ይፈታሉ፤ ጠመኔ ይወራወራሉ፣ ጸጉር ይጎትታሉ። አስተማሪዋ እነሱን ስትቆጣ፣ የዘገዩት የመጀመሪያው መስመር ላይ ተገትረው ይቀራሉ። ክፋት የለባትም፤ ጊዜ ነው ያጣችው።

ዕረፍት ሲሆን የሰሊጥ አጨዳን ነገር ነገርኳት። አጫጅ ሆኜ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ሁሉም በየመስመሩ ይገባል። ጎበዙ ቀድሞ ዳር ይደርሳል፤ ደርሶ ግን ጥላ ሥር አይጋደምም። ይዞርና በዘገየው ሰው መስመር በወዲያኛው ጫፍ ገብቶ እያጨደ ይመጣል፣ እስኪገናኙ። የጨረሰ ዞሮ ይቀበላል፣ ሕጉ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጭራ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንዱ ከፊት ለፊቴ እያጨደ ሲመጣ መስመሬን ሊቀማኝ መስሎኝ ማጭድ አንስቼበታለሁ። አጫጁ ሁሉ እስኪወድቅ ሳቀብኝ።

«ልጄ፣ የጨረሱትን አታስቀምጫቸው፤ አዙሪያቸው» አልኳት።

«ያ ሐጅ፣ ይኼ እኮ የሰሊጥ እርሻ አይደለም።»

«አይደለም። ሰሊጥ ቢረግፍ ለከርሞ ይዘራል።»

ጠመኔዋን አንሥታ ወደ ክፍል ገባች። በማግሥቱ ግን ልጆቹን ሰብስባ የአጨዳውን ታሪክ፣ ማጭድ ማንሳቴ ሳይቀር፣ ነገረቻቸው። ከዚያ የጨረሰ ይዙር አለች። አንዲት ረዥም የካርቱም ልጅ ተነሥታ ወደ ልጅ ልጄ መጣች። የኔዋ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ዘር አይጠፋም።

ያን ቀንም ጀሪካኔ ላይ ነበርኩና፣ ከኋላ ሆኜ «አንቺ፣ ልቀቂላት፤ ልትቀማሽ አይደለም» አልኳት በአማርኛ።

ለቀቀች። ሁለቱ ያደረጉትን ማንም አላስተማራቸውም። የኔዋ ከገጹ ራስጌ፣ ረዥሟ ከግርጌ ጀመሩ፤ ይቺ ወደ ታች፣ ያቺ መስመር በመስመር ወደ ላይ፣ እንደ አጫጅ እስኪገናኙ። የመጀመሪያው ቀን የኔዋ ከሁለት መስመር አላለፈችም። የሚገናኙበትን በእርሳስ ምልክት ያደርጉበት ነበር፤ ምልክቱ በየቀኑ ወደ ታች ወረደ። ሒሳብ ሲሆን ደግሞ ረዥሟ ማካፈል ላይ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ የምትዞረው የኔዋ ናት። እንዴት እንደምትኮራ ብታዩ!

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። የልጅ ልጄ ቆማ ከራስጌ ጀመረች። መሐል ላይ አንድ ቃል ያዛት። ረዥሟ ልጅ ከንፈሯን ነክሳለች፣ እኔ ከዘራዬን ጨብጫለሁ። ቃሉን ቆራርጣ አለፈችው፤ ከዚያ በኋላ ያገዳት የለም። ግርጌ ስትደርስ ረዥሟ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ክፍሉም ተቀበላት። አስተማሪዋ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ በተሰበረ ድምጿ አብራ እልል አለች። ሁለተኛ ክፍል መውረድ የሚባል ነገር በዚያው ቀረ።

እንደ ተማሪ ነው የተባልኩትን እኔም አላፈረስኩም። መጽሐፉን ቤት ወስጄ ማታ ማታ እታገለዋለሁ። ዐረብኛውን በአፌ እንደ ልቤ ነኝ፤ ፊደሉ ነው ያስቸገረኝ። ባለፈው የልጅ ልጄ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ጣቷን የገጹ ግርጌ ላይ አሳረፈች።

«አባባ፣ እኔ ጨርሻለሁ። አንቱ ከላይ ይምጡ፣ እኔ ከታች እመጣለሁ።»

እስካሁን የምንገናኘው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።