ለማንም እጅ የሚሄድ ፈረስ

ባምባሲ ውስጥ ያልተገራ ፈረስ የገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የሂርጳን ቤት ነው። ከአሶሳ በሚመጣው መንገድ ዳር ያለው በቀርከሃ የታጠረ ግቢ የእሱ ነው። ሂርጳ አለንጋ አያውቅም። ፈረሱን ግቢው ውስጥ ይለቅና ጀርባውን ሰጥቶት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ፈረሱ ፈርቶ ፈርቶ፣ በመጨረሻ መፍራቱም ይሰለቸውና መጥቶ ትከሻውን ያሸተዋል። ያኔም አይነካውም። ሌላ ቀን ባዶ ጆንያ ጀርባው ላይ ጣል ያደርግበታል፤ ኮርቻ የሚመጣው ፈረሱ ጆንያውን ረስቶ ሳር መጋጥ ሲጀምር ነው።

«ፈረስ ነው የምትገራው ወይስ ሙሽራ ታባብላለህ?» ትለዋለች ሚስቱ ብሪቱ።

«ሙሽራማ ቶሎ ትለምዳለች።»

«ማን? እኔ? እስካሁን መቼ ለመድኩህ!»

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ትምህርት ነው። ፈረሱ የሰው ስለሆነ ሂርጳን ብቻ ወዶ መቅረት የለበትም። እንግዳ ሰው ይጠራና እጁን ዝቅ አድርጎ እንዲዘረጋ ያደርገዋል፤ እሱ ራሱ ገለል ብሎ ዝም ይላል። ፈረሱን ወደ ራሱ የሚጠራው ምላሱን በማጮህ ነው፤ ካላጮኸ «ወደዚያ ሰው ሂድ» ማለት ነው። እንዲህ ገርቶ ስንቱን ሰው ፈረስ ላይ አወጣ፤ እሱ ግን በእግሩ ቀረ።

የራሱ ፈረስ ዳማ እስኪመጣ ድረስ። ከወለጋ ፈረስ እያመጣ የሚሸጠው ፈየራ አንዲት ባዝራ ነበረችው። ባዝራዋ ወልዳ ስትሞት ከፈየራና ከሂርጳ በቀር ማንም አልነበረም። ፈየራ መቆም ያቃተውን ውርንጭላ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና «ይሄ አያድርም። ካደረ ያንተ ይሁን» አለ።

አደረ። ሂርጳ የላም ወተት በጣቱ እያጠባ አሳደገው። ሲገራውም ከትምህርቱ አንዱን አላስቀረበትም።

«የራስህን ፈረስ ለምን ለሰው እጅ ታስለምደዋለህ?» አለችው ብሪቱ።

«የአንድ ሰው ፈረስ፣ ፈረስ አይደለም።»

አንድ የገበያ ቀን ሂርጳ ዳማ ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ ፈየራ ልጓሙን ያዘ። «ኦቦ ሂርጳ፣ ፈረሴን አሳምረህ ገራህልኝ። እጅህ ይባረክ!»

ነገሩ ማንጎው ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። ምስክር የለም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ ጀዕፈር ሁለቱንም አዩና፣ «ሰው ይዋሻል። ፈረስ ይፍረድ» አሉ። «ሁለታችሁ ወዲያና ወዲህ ቁሙ። የሚጠራ የለም። ፈረሱ ወደሱ የሄደለት ሰው ይወስደዋል። ማሉ!»

ብሪቱ ከደስታዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሂርጳ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ሼህ፣ ልጥራው። ዝም ካልኩ ወደ ሌላ ሰው ሂድ ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው ያስተማርኩት።»

ፈየራ በሳቅ ፈነዳ። «ሰማችሁ ጎበዝ? ባለቤቱን ትቶ እንዲሄድ አስተማርኩት ይላል!» ሰዉም ሳቀ። ሂርጳም እንደማይጠራው ማለ። ሌላ ምን ይበል?

ዳማን መሃል ላይ ለቀቁት። ፈየራ ስንት ፈረስ አስገርቶ ከሂርጳ ግቢ የወሰደ ሰው ነው፤ እጁን ዝቅ አድርጎ ዘረጋ። ዳማ ሂርጳን አየ። ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። አንድ ጊዜ ምላስ ማጮህ ብቻ ነበር የቀረው። ሂርጳ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት አየ።

ዳማ የተማረውን አደረገ። ረጋ ብሎ ሄዶ የፈየራን መዳፍ አሸተተ።

ፈየራ ወጣበት። መንገዱ ላይ ባጃጅ ጥሩምባዋን ብትነፋበት እንኳ ፈረሱ አልደነበረም፤ ወደ ኋላም አልዞረም።

«አቤት አገራር!» አለ አንዱ።

ብሪቱ እስከ ቤታቸው ቀድማው ቀድማው ሄደች። በራቸው ላይ አንድ ሰው የሚንፈራገጥ ፈረስ በገመድ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ኦቦ ሂርጳ፣ አንተ የገራኸው ለማንም ይሄዳል ሲሉኝ ነው የመጣሁት።»

ሂርጳ ገመዱን ተቀበለው። ሌላ ሙያ አያውቅም።